አረንጓዴዋ የለገመች ዕለት

ፓክ ዋስኪቶ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ በገዛ ደጃፉ፣ በገዛ መኪናው ሥር ሞቶ ተገኘ።

እግሮቹ ከመኪናዋ ጎን ወደ ውጭ ተዘርግተው ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማ ወልቆ ተገልብጧል። ከእጁ አጠገብ መዶሻ ወድቋል። ሣሩ፣ የማዳበሪያው ጆንያ፣ የመኪናዋ ጣሪያና ኮፈን ሁሉ በአመዳይ ነጥተዋል። በእኛ በካራንግሳሪ በሐምሌ ወር የሚወርደውን አመዳይ የመርዝ ጤዛ ነው የምንለው። ማታ ለምልሞ ያየኸውን የድንች ማሳ ጠዋት አጥቁሮ ያስረክብሃል። የዚያን ዕለት ከድንች የከበደ ነገር ወሰደ ተባለ።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። መኪናዋ አርባ ዓመት ያለፋት አሮጌ ናት፤ ሰው ሁሉ «አረንጓዴዋ» ይላታል። ሞተሯን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አመለኛ ነው፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይለግማል። ሲለግም ዋስኪቶ መዶሻ ይዞ ከሥሯ ይገባና ሞተሪኖውን ኳ ኳ ያደርገዋል። የእጅ ፍሬኗም ደካማ ስለሆነ ተዳፋት ላይ ስትቆም ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ ይደረግላታል። እንግዲህ ያን ማለዳ ሞተሪኖው ለገመ፤ ሽማግሌው ከሥር ገባ፤ ታኮው በአመዳዩ ላይ ተንሸራተተ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንከባለለችና የፊት ጎማዋ ደረቱ ላይ ወጣ።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለ የመንደሩ ሹም ፓክ ሃርጎ፤ «ፓክ» በእኛ ዘንድ «አቶ» ማለት ነው።

ኢንስፔክተር ዉርያኒ ከወረዳው ከተማ በሞተር ብስክሌት የደረሰችው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አጠር ያለች፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ። ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ሹሙ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ፊት ደግሞ መካኒኩ ፓክ ትሪሞ ብዕር ይዞ ተቀምጧል። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ጣቶቹ ላይ ያለው ቅባት ከቆዳው ጋር ከተዋሐደ ቆይቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«የእምነት ቃሉ ነው» አለ ሹሙ። «ሞተሪኖውንም ፍሬኑንም የሚነካካው እሱ ነው። መዶሻውም የሱ ነው፤ ሟቹ ተውሶት ነበር። እሁድ ዕለት ደግሞ ሰፈር ያወቀው ጠብ ተጣልተዋል። ራሱም አምኗል። ይፈርም፣ ይዘሽው ውረጂ፣ እኛም ሬሳችንን በጊዜ እንቅበር።»

«ልጄ፣ ወረቀቱን ተይልኝና ልፈርም» አለ ትሪሞ። «ጓደኛዬን ገድዬዋለሁ።»

«በምን ገደሉት?»

«ባለመጠገን።»

«ምኑን ነው ያልጠገኑት?»

ትሪሞ በብዕሩ ጠረጴዛውን መታ። «እሱን ባውቀውማ እጠግነው አልነበር!»

ሹሙ ሳል አለ። ዉርያኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሁድ ዕለት ምን ተባባላችሁ?»

«ምን የማንባባለው አለ! ‹ለገመችብኝ› እያለ ይመጣል። ቤቱ ከኔ ጋራዥ ሃምሳ እርምጃ ነው። ይዟት ይመጣል፤ ቁልፉን አዞራለሁ፤ አንዴ! እንደ አውራ ዶሮ ትጮሃለች። ባትሪውን ለካሁ፣ ጫፎቹን አጸዳሁ፣ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ሽቦ ቀየርኩ፣ ሞተሪኖውን ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ደህና ነው። ‹ምንም የላትም› ስለው ‹ገበያ ላይ ነው የምትለግመው› ይለኛል። እሁድ ተናደድኩና ‹እንግዲያው ገበያው ይጠግንልህ!› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው፣ ልጄ።» ብዕሩን ወደ ወረቀቱ ሰደደ።

ዉርያኒ ወረቀቱን ከሥሩ ሳብ አድርጋ ወሰደችና ባዶው ጀርባ ወደ ውጭ እንዲሆን አጠፈችው።

«እስከ ሟቹ ሰባተኛ ቀን ጸሎት ይቆይ።»

«ሰውየው አምኖ!» አለ ሹሙ።

«የማያውቀውን ነገር ነው ያመነው፣ ፓክ ሃርጎ። በሰባተኛው ቀን ሌላ ነገር ካላገኘሁ ይፈርማል፤ እኔው ራሴ ይዤው እወርዳለሁ። በቸልተኝነት ሰው መግደል እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል። በሳቸው ዕድሜ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።»

ትሪሞ የተቃወመ አይመስልም ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ነው ዉርያኒን ያስፈራት። ሰው በማያውቀው ጥፋት ለመታሰር ሲቸኩል፣ የሚያውቀው ሌላው እዚያው ሰፈር ውስጥ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

ግቢው ከቤቱ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል። አረንጓዴዋ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ አዙራ ነበር የምታድረው። ወደ ኋላ የተንከባለለችው አራት እርምጃ ያህል ነው፤ የድንች ሳጥኖቹ ክምር አስቁሟታል። ዉርያኒ በዝግታ ዞረቻት። የታኮውን ድንጋይ ፈልጋ አገኘችው፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር።

«ይሄን ድንጋይ ያነሳ ሰው አለ?»

ማንም አላነሳውም። የሟቹ አማች ዳናንግ «እኔ ሳጥን ነው ያስደገፍኳት፣ ድንጋዩን አላየሁትም» አለ። ዳናንግ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ከአማቱ ጋር በመኪናዋ ምክንያት ሲነታረክ ስለኖረ ሰፈሩ በጎሪጥ ማየት ጀምሯል። «‹ይህን ቆርቆሮ ሸጠን ደህና መኪና እንግዛ› ስለው ‹መጀመሪያ አንተን ነው የምሸጠው› ይለኝ ነበር» አለና ሊስቅ ሲል ዕንባ ቀደመው።

«መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ?»

«ከመስጊድ ስመለስ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፤ ገና ጨለማ ነበር። በስልኬ መብራት ነው እግሩን ያየሁት። ጮህኩ። የአማቴ ወንድም ሱሮሶ ከላይ በመንገዱ እየሮጠ ደረሰ፤ አብረን ከፍ ልናደርጋት ታገልን። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ቅዝቃዜው እንደ እሳት ፈጀኝ። መዳፌ ነጩ ላይ ታትሞ ቀረ።»

«ነጩ ላይ» አለች ዉርያኒ ቀስ ብላ። «ኮፈኑ ላይ አመዳይ ነበር?»

«እንዴ፣ ግቢው ሁሉ ነጭ ነበር እኮ!»

«ሌላ መብራት ነበር? የእጅ መብራት፣ ፋኖስ፣ ከሱ አጠገብ?»

«የለም። እሱ መብራቱን ሁሌ በሩ ጋ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቅለው።»

መብራቱ ሚስማሩ ላይ ነበር።

ዉርያኒ ከሟቹ ሚስት ከወይዘሮ ላስትሪ፣ በእኛ አጠራር ከቡ ላስትሪ፣ ጋር የተነጋገረችው ቀብሩ ካለቀ በኋላ፣ ከቤቱ በስተጀርባ ባለው ማዕድ ቤት ነው። ለለቀስተኛ ካሳቫ ትቀቅል ነበር። ሴቲቱ አላለቀሰችም፤ ማማሰያውን ብቻ ከሚገባው በላይ ታማስል ነበር።

«ከመኝታው ሲነሳ ምን አለዎት?»

«‹ባቲክ ሸሚዜን› አለኝ። በሰም የተነቀሰውን የሠርግ ሸሚዙን። ተኩሼ ሰጠሁት። ‹ወደየት ነው?› ስለው ‹ወደ ቢሮ› አለ። ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።»

«ወረቀቱን አላገኘነውም።»

ላስትሪ ማማሰያውን አቆመች። «ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሲያነጥሰው እንኳ ሸሚዙን የሚያወልቅ ሰው ነበር፤ እንዲህ ጠንቃቃ። በዚያ ሸሚዝ መኪና ሥር ገባ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ሬሳው እዚያ ነው።»

«መኪናዋ ስትለግም ሰምተዋል? ቁልፉ ሲዞር?»

«እኔ እዚህ እሳት ሳነድ ነበር፤ ሬዲዮውም ቁርኣን ያሰማ ነበር። ግን ሞተሩ ሲነሳ እሰማለሁ፤ ሁሌ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ነው የምትጮኸው። ‹ሄደ› እልና ሻዬን እጠጣለሁ። ያን ቀን አልሰማሁም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሱሮሶ የሚኖረው በላይኛው መንደር፣ የግማሽ ሰዓት ዳገት ላይ ነው። ዉርያኒን በደጁ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ትኩስ የስኳር ሻይ አስቀርቦ ተቀበላት። ለስላሳ ሰው ነው። አሁን የቤተሰቡ ታላቅ እሱ ሆኗል፤ ሰውም ምክር ለመጠየቅ መምጣት ጀምሯል።

«ትሪሞ ላይ አትጨክኑበት» አለ። «ሽማግሌ ነው። ሆን ብሎ አላደረገም።»

«ያን ዕለት በማለዳ ወደዚያ ለምን ወረዱ?»

«ስለናፈቀኝ ዝም ብዬ ወንድሜን ልየው ብዬ ነው። ምነው ባልወረድኩ! ከላይ ከመታጠፊያው ስደርስ እሰማዋለሁ፤ ቁልፉን ያዞራል፣ ‹ቀጭ›። እንደገና ‹ቀጭ›። የማውቃት አመሏ ነው። ቀጥሎ የመዶሻው ኳኳታ። ከዚያ ጓጓታ ሰማሁ፤ የዳናንግም ጩኸት ተከተለ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ‹ይህች መኪና አንድ ቀን ትበላሃለች› ብዬ።»

«አብረው ይሄዱ ነበር?»

«በየገበያው ቀን። ገበያተኛ ሊጭን መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኔ ደጅ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ዘልዬ እገባለሁ። ገበያ ላይ ደግሞ ልንመለስ ስንል ትለግማለች። እሱ መዶሻውን ይዞ ይገባል፣ እኔ ቆሜ ሰው ይስቅብኛል።»

ዉርያኒ ሻይዋን ጨርሳ አመሰገነች። ስትወርድ ጭጋጉ ከኋላዋ ይወርድ ነበር፤ ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ የሚወጣው የድኝ ሽታም አብሮት። ዞር ብላ ብታይ ሱሮሶ አሁንም ደጁ ላይ ቆሞ ያያታል።

ከሮብ ጀምሮ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዉርያኒና ትሪሞ በአረንጓዴዋ ፊት ይቆሙ ጀመር። ውርጭ ነው፤ እስትንፋሳቸው ይጨሳል። ትሪሞ ቁልፉን ያዞራል፤ አንዴ፣ ትነሳለች። ያጠፋታል። እንደገና ያዞራል፤ ትነሳለች። በየማለዳው አምስት ጊዜ። ዉርያኒ በተነሳች ቁጥር ያን የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ባዶው ጀርባ ላይ አንድ ጭረት ትጭራለች።

«የምታሾፍብኝ እኮ ነው» አለ ትሪሞ አርብ ዕለት። «እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ውሸታም ልታስብለው።»

«ወይ እሱ፣ ወይ እርስዎ፣ ወይ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ነገ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ። የገበያ ቀን።»

«ከሷ ጋር ገበያ ወርደው ያውቃሉ?»

ትሪሞ ቁልፉን ከመኪናዋ ነቀለ። አንድም ቀን አልወረደም ነበር።

ቅዳሜ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ አርባ ደቂቃ ወረዱ። ገበያው ጥግ፣ ዋስኪቶ ሁልጊዜ በሚያቆምበት በሻይ ሻጯ በቡ ሙርጂናህ ዳስ ፊት አቆሙ። ትሪሞ ሞተሩን አጠፋ፣ ታኮ አደረገ፣ ሻይ አዘዘ። ግማሹን ሳይጠጣ ዉርያኒ «አሁን» አለችው።

ቁልፉን አዞረ።

ቀጭ።

የሽማግሌው ፊት በራ። እንደገና አዞረ። ቀጭ። ሌላ ምንም የለም።

«አትንኩብኝ! ማንም እንዳይነካብኝ!» ብሎ ዘሎ ወረደ። «ልጄ፣ የፊት መብራቱን አብሪና ቁልፉን አዙሪ። መብራቱን እያየሁ ነው። ደከመ? አልደከመም! ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሞተሪኖው ግን ከባትሪው ምንም አልጎተተም። ስለዚህ ኃይሉ በመንገድ ቀርቷል።» የባትሪውን ጫፎች ነቀነቀ፤ ጥብቅ ናቸው። ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ጎንበስ አለና የሞተሪኖውን ሁለት ወፍራም ብሎኖች አገናኛቸው። ብልጭታ ፈነጠቀ፣ ሞተሪኖው በኃይል ዞረ። «አየሽ? ሞተሪኖው ጤነኛ ነው! በሽተኛዋ ይቺ ናት።» በሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተፈናጠጠችውን፣ ከቡጢ የማትበልጥ የማግኔት ማብሪያ አሳያት። «ቁልፍ ስታዞሪ ኃይሉን ለሞተሪኖው የምታሳልፈው ይቺ ናት። ከጭስ መውጫው አጠገብ ነው ያለችው። ስትግል ‹ቀጭ› ትላለች እንጂ አታሳልፍም። ቡ ሙርጂናህ፣ ቀዝቃዛ ውሃ!»

ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰባት። ጭስ አለች። ጥቂት ቆየና ቁልፉን አዞረ። አንዴ። አረንጓዴዋ ጮኸች፤ ገበያው አጨበጨበ።

«እሱማ ውሃ አፍስሶባት አያውቅም» አለች ሻይ ሻጯ። «መዶሻውን ይዞ ይገባና እዚያው ተኝቶ ከኔ ጋር ወሬ ይጀምራል። የልጅ ልጆቹን ወሬ፣ የድንቹን ወሬ። አልፎ አልፎ ኳ ያደርጋል። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ተነስቶ ‹አዳንኳት!› ይላል።»

ትሪሞ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መዶሻው አልነበረም ያዳናት። ወሬው ነው። እሱ ሲያወራ እሷ ትቀዘቅዛለች።» «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አብሬው ብወርድ ኖሮ…»

«ፓክ ትሪሞ፣ ይህን ጸጸት ለበኋላ ያቆዩት» አለች ዉርያኒ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁን ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሌሊቱን በውርጭ አድራ፣ ኮፈኗ አመዳይ ለብሶ፣ ‹ቀጭ› ልትል ትችላለች?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «አትችልም» አለ።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። እሁድ ማታ ዳናንግ ራሱ መጣ። በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ስልኩን ሰጣት። «አማቴ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንለትም። የጻፍኩለት እኔ ነኝ። መናገር ፈራሁ፤ የተከሰሰው አሁን የቤቱ ታላቅ ነው።»

ደብዳቤው ለደን ቢሮ የተጻፈ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ምንጩን የሚጠብቁት የቤተሰቡ ዛፎች ለድንች እርከን በስውር እየተቆረጡ ነው ይላል። መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ዝናብ ሲመጣ መንደሩ ላይ ይወርዳል ይላል። የቆራጩ ስም ሱሮሶ ነው። ዉርያኒ ሰኞ ከማለዳው ምርመራ በኋላ ብቻዋን ወጣች። ጉቶዎቹ በቅጠል ተሸፍነዋል። በመካከላቸው መሬቱ እንደ አፍ ተከፍቷል፤ እጇን እስከ ክርኗ ብትሰድ ታችውን አላገኘችውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የሰባተኛው ቀን ጸሎት ሊጀመር ሲል፣ ሰው ሁሉ በዋስኪቶ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሹሙ ፊት ለፊት፣ ሱሮሶ በክብር ቦታ፣ ላስትሪና ዳናንግ በሩ ጋ፣ ትሪሞ ከሁሉ ኋላ። ዉርያኒ ከጸሎቱ በፊት ጥቂት ቃል እንድትናገር ፈቃድ ጠየቀች። ትሪሞ የሚሄድበት ቀን እንደደረሰ አውቆ ልብሱን በፌስታል ይዞ መጥቷል።

«ሁላችንም ያመንነው አንድ ነገር ነው» ብላ ጀመረች። «ሞተሪኖው ለገመ፣ ፓክ ዋስኪቶ ሊያስተካክል ገባ፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ከድንጋዩ ልጀምር። ጎማ የገፋው ድንጋይ ከጎማው ጋር ወደ ታች ነው የሚሄደው። ይሄኛው ዳገት ወጥቶ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ድንጋይ ዳገት አይወጣም። ሰው ነው ያነሳው።»

ሹሙ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከዚያ ጨለማው አለ። በአሥራ አንድ ሰዓት ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው መብራት ይይዛል። መብራቱ ሚስማሩ ላይ ነበር። ሰው ሠራሽ ትርኢት ነው ብዬ የጠረጠርኩት ያኔ ነው፤ የሠራው ሰው ደግሞ ፓክ ዋስኪቶ ከመኪናዋ ሥር ሲገባ ያየው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ቡ ላስትሪ፣ ሸሚዙን ይንገሯቸው።»

«የሠርግ ባቲኩን ነበር የለበሰው» አለች ላስትሪ። «እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

«አሁን ወደ ሞተሪኖው። ፓክ ትሪሞ?»

ትሪሞ ከኋላ ተነሳ። ስለ ብረት ሲናገር ድምፁ ጠነከረ። «ማብሪያዋ ስትግል ብቻ ነው የምትለግመው። በብርድ አንድም ጊዜ አልለገመችም።»

ዉርያኒ ወረቀቱን አወጣች። «ስድስት ማለዳ፣ በየማለዳው አምስት ጊዜ። ሠላሳ ጭረት። ሠላሳ ጊዜ ተነሳች። ፓክ ዋስኪቶ በሞተበት ማለዳ ኮፈኗ በአመዳይ ነጭ ነበር፤ ዳናንግ መዳፉን አትሞበታል። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ አድሯል። ስለዚህ ቁልፉን ቢያዞር ኖሮ ትነሳ ነበር። ቡ ላስትሪ ይህን በጆሮዋ ታውቃለች፤ ዳናንግ እዚሁ ስለሚያድር ያውቃል፤ ፓክ ትሪሞ እስኪሰለቸው ያውቃል። ከሦስቱ አንዱ ግድያውን መሸፈን ቢፈልግ ሞተሪኖውን ምክንያት አያደርግም ነበር። ይህን የሚያደርገው መኪናዋን በሙቀቷ ብቻ የሚያውቃት ሰው ነው።» ወደ ክብር ቦታው ዞረች። «ፓክ ሱሮሶ፣ ወንድምዎ በደጅዎ ሲያልፍ ሞተሩን ያጠፋ ነበር?»

«ለምን ያጠፋል? ጥሩምባ ነፍቶ…» ቃሉ በአፉ ቀረ።

«ጥሩምባ ይነፋል፣ እርስዎ ዘለው ይገባሉ። በማለዳ ስትነሳ ስንት ጊዜ አይተዋታል?»

ሱሮሶ ዓይኑን ወደ አረንጓዴዋ ሰደደ።

«አንድም ጊዜ። ግን ያን ማለዳ ‹ቀጭ› ስትል ሰማሁ ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ እርስዎ።»

«ማሽን ነው!» አለ ሱሮሶ ድንገት ጮኾ። «ማሽን ያሻውን ያደርጋል! ያን ቀን ለግማ ይሆናል!»

«ደብዳቤውንስ ማን ወሰደው? ሰው ኪሱን ፈትሿል። በዳናንግ ስልክ ላይ ግን ቅጂው አለ። ዛሬ ወጥቼ ስንጥቁንም አይቻለሁ።»

የመንደሩ ሰዎች ቀስ ብለው ከሱሮሶ ራቁ፤ ማንም አላዘዛቸውም። በዙሪያው ምንጣፉ ባዶ ሆነ።

«‹ወደ ቢሮው እወርዳለሁ› ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ ወረቀቱን ስጠኝ ነው ያልኩት» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ። «ወረቀቱን ብቻ። ‹አልሰጥህም፣ ውሃው የልጆች ነው› አለኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ የመኪናዋን መከላከያ ብረት መታ። አልተንቀሳቀሰም። ሞቷል አልኩ… የሞተ ሰው ምን ይሰማዋል ብዬ ነው ከሥር ያስገባሁት። የሞተውን ነው መኪናዋ የረገጠችው።»

ዉርያኒ የቀረውን ባትናገረው ትመርጥ ነበር፤ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር።

«ከቀብሩ በፊት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደረቱ ውስጥ ብዙ ደም አግኝቷል» አለች። «የሞተ ሰው እንዲያ አይደማም፣ ፓክ ሱሮሶ። ታኮውን ሲያነሱ ወንድምዎ ይተነፍስ ነበር።»

ከሱሮሶ ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ እኛ መንደር ማንም ሊመስለው አይሞክርም። ከከተማ የመጡ ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው አስነሱት። ላስትሪ አላየችውም። ማማሰያዋን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች፤ ለሰባተኛው ቀን የመጣ ሰው መብላት ነበረበት።

ሹሙ እጁን ዘረጋ። «ያ ወረቀት… እኔ ጋ ይመለስ።»

«ይህ እኮ የሳቸው ነው» አለችና ዉርያኒ ለትሪሞ ሰጠችው። ትሪሞ የተተየበውን አላገላበጠም። ጭረቶቹን በቅባታም ጣቱ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ሠላሳ ናቸው። አጥፎ ፌስታሉ ውስጥ፣ ልብሱ ላይ አኖረው፤ ወደ ቤቱም ይዞት ተመለሰ።

የደን ቢሮው ሰዎች ከዝናቡ በፊት መጥተው ስንጥቁን ከለሉት። መሬቱ እስካሁን አልወረደም፤ በሌሊት ሲዘንብ ግን ማንም ደህና እንቅልፍ አይተኛም።

ትሪሞ አዲስ ማብሪያ ከከተማ አምጥቶ ገጠመላት። አሁን ገበያ ላይም አትለግምም። ግን በየገበያው ቀን አብሯት ይወርዳል፤ በቡ ሙርጂናህ ዳስ ፊት ያቆምና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀምጦ ያወራል።